ዐዋጅና ሕግ፦ በጥንታዊት ግሪክ ተውኔት ውስጥ እምቢ ያሉ ሴቶች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ሥራ አመራር ስለ ሕግና ስለ ሥነ ጽሑፍ አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። በዳኞችና በጠበቆች ፊት ቆሞ ስለ ሕግ መናገር፣ በቀሳውስት ፊት ቆሞ ቅዳሴ ልምራ እንደ ማለት ነውና። ኋላ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው፣ ለብዙ ዘመን ሳስተምራቸው የኖርሁት ጥቂት የግሪክ ተውኔቶች ከእኔ ይልቅ ለእናንተ የተጻፉ መስለው ታዩኝ። በውስጣቸው ክስ አለ፤ መልስ አለ፤ መሐላና ውል አለ፤ ፍርድ አለ፤ በተሳሳተ ቅደም ተከተል የተፈጸመ ትእዛዝም አለ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን፣ በእነዚህ ተውኔቶች መካከል ቆማ ሥልጣን የያዘውን ወንድ «በምን ሕግ?» ብላ የምትጠይቀው ብዙውን ጊዜ ሴት መሆኗ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ሴቶች ነው። አንቲጎኔ በምትባለው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደምቈይ፣ ሌሎቹን ግን እግረ መንገዴን እንደማነሣቸው አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ከቦታውና ከጊዜው እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ፣ በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ፣ ዲዮኒሶስ ለሚባለው አምላክ ታላቅ በዓል ይከበር ነበር። ሕዝቡ ከአክሮፖሊስ በስተ ደቡብ ባለው ዳገት ላይ ተቀምጦ ይመለከታል፤ ሦስት ባለ ቅኔዎች እያንዳንዳቸው ሦስት የኀዘን ተውኔትና አንድ የፈንጠዝያ ተውኔት ይዘው ይወዳደራሉ። ደራሲው ወንድ ነው። ተዋናዮቹም ወንዶች ናቸው። በአደባባዩ እየዘፈኑ የሚወዛወዙት መዘምራን ወንዶች፣ ሽልማቱን የሚፈርዱት ዳኞችም ወንዶች ናቸው። አንቲጎኔ ሆኖ የሚናገረው የሴት ጭንብል ያጠለቀና የሴት ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር። እንግዲህ በዚህ ወንዶች ብቻ በሚሠሩት ጉባኤ ላይ፣ የወንዶችን ሥልጣን የሚቃወመው ከባድ ቃል ሁሉ ከሴት አፍ እንዲወጣ የተደረገበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ያለኝን ግምት በየቦታው ጣል አደርጋለሁ እንጂ በአንድ ቃል አልዘጋውም።

ከመድረክ ውጭ የነበረችው የአቴና ሴት ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሴት በሕግ ፊት ራሷን ችላ አትቆምም ነበር። አባት፣ ወንድም፣ ባል፣ ባል ከሞተም ልጅ ይቆምላታል። ይህ ሰው በግሪክኛ «ኪርዮስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ጌታ» ማለት ነው። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን «ኪርያላይሶን» ስንል የምንጠራው ይኸው ቃል ነው። ሴት ያለ ኪርዮስዋ ልትዋዋል የምትችለው ዋጋው ከአንድ ሜዲምኖስ ገብስ ለማይበልጥ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ሜዲምኖስ ወደ 50 ሊትር የሚጠጋ መስፈሪያ ነው። አባት ወንድ ልጅ ሳይተካ ሴት ልጅ ብቻ ትቶ ቢሞት፣ የቅርብ ወንድ ዘመድ ልጅቱን ከነርስቷ አገባታለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ሊጠይቃት ይችላል። ታላቁ የከተማይቱ መሪ ፔሪክልስ በጦርነት ለሞቱት ባደረገው የቀብር ንግግር፣ ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደ ዘገበው፣ የሴት ክብሯ በወንዶች መካከል ለምስጋናም ሆነ ለነቀፋ ስሟ ባለመነሣቱ እንደ ሆነ ተናግሯል። የሚደንቀው፣ በዚያው ንግግር ውስጥ አቴናውያን ያልተጻፉ ሕጎችን እንደሚያከብሩ መመስከሩ ነው። ይህን ቃል አስታውሱልኝ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በአቴናውያን ለመሣቅ የሚቸኩል ካለ ግን ጥቂት ይታገሥ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባል የቤተ ሰቡ አለቃ መሆኑን፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። ይህ አንቀጽ የቀረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተ ሰብ ሕግ ነው። በዚህ አዳራሽ ካሉት ጠበቆች መካከል በዚያ አንቀጽ ስር ተከራክረው የፈረዱና ያስፈረዱ አይጠፉም።

ከሁሉ አስቀድማ የምትመጣው ክሊቴምኔስትራ ናት። ባለ ቅኔው ኤስኪለስ በ458 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ባቀረባቸው ሦስት ተከታታይ ተውኔቶች ውስጥ ትገኛለች። ባሏ ንጉሥ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ ሊዘምት መርከቦቹ ነፋስ ባጡ ጊዜ፣ ልጃቸውን ኢፊጌኒያን ለአማልክት ሠዋት። ከብዙ ዓመት በኋላ ድል አድርጎ ሲመለስ፣ ሚስቱ በመታጠቢያ ቤት በልብስ ጠቅልላ ገደለችው። ከዚያ በኋላ አልሸሸችም፤ አልካደችምም። ሬሳው ፊት ቆማ ለአገሩ ሽማግሌዎች እኔ ነኝ ያደረግሁት አለች። እነርሱም ከአገር ልትባረር ይገባል ብለው ሲጮኹ የሰጠችው መልስ ለሕግ ሰው የሚጐረብጥ ነው፦ ይህ ሰው የገዛ ልጁን እንደ በግ ሲያርድ ከእናንተ መካከል ይባረር ያለ አንድም አልነበረም፤ ለእኔ ግን ሕጉ ዛሬ ትዝ አላችሁ አለቻቸው። ነፍሰ ገዳይ መሆኗ እውነት ነው። በዚያውም ላይ ምንም ያልበደለችውን ምርኮኛይቱን ካሳንድራን ጨምራ ገድላለች። ሆኖም የጠየቀችው ጥያቄ በወንጀሏ ምክንያት አይሰረዝም፤ ሽማግሌዎቹም ሊመልሱላት አልቻሉም።

በሦስተኛው ተውኔት ልጇ ኦሬስተስ እናቱን በመግደሉ አሬዮስ ፓጎስ በተባለው ኮረብታ ላይ ለፍርድ ይቀርባል። ደም በደም መመለስ ቀርቶ ክርክር በዳኞች ፊት እንዲሆን የተደረገበት ስለ ሆነ፣ የሕግ ምሁራን ይህን ተውኔት የፍርድ ቤት ልደት እያሉ ያወድሱታል። ውዳሴው ትክክል ነው፤ ግን ተከሳሹ በምን ክርክር እንደ ተለቀቀ ልብ ማለት ይገባል። ጠበቃው አፖሎ፣ እናት የልጅ ወላጅ አይደለችም፣ የአባትን ዘር ተቀብላ የምታሳድግ ሞግዚት እንጂ ብሎ ተከራከረ። ማስረጃ አድርጎም ያለ እናት ከአባቷ ከዜውስ ራስ የተወለደችውን አቴናን አቀረበ። የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፈለ፤ አቴናም ለአባት ወገን ድምፅዋን ሰጠች። የሟቿ እናት መንፈስ ገዳዮቿን የሚያሳድዱትን የበቀል አማልክት ስትቀሰቅስ ታይታ ነበር፤ በችሎቱ ላይ ግን አልቀረበችም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሲመረቅ ጉዳዩ የተቋጨው እናት ዘመድ አይደለችም በሚል ክርክር መሆኑን፣ ስናወድስ መርሳት የለብንም እላለሁ።

አሁን ወደ አንቲጎኔ እመጣለሁ። ሶፎክልስ ይህን ተውኔት ያቀረበው በ442 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደ ሆነ ይገመታል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በቴብስ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች በመንግሥት ተጣልተው በአንድ ቀን ተገዳደሉ። ኤቴዎክለስ ከተማይቱን ሲከላከል፣ ፖሊኒከስ የባዕድ ጦር አምጥቶ ሲወጋት ነው የሞተው። መንግሥቱ ለአጎታቸው ለክሬዎን ደረሰ። ክሬዎን በነገሠ በመጀመሪያው ቀን ዐዋጅ አስነገረ፦ ኤቴዎክለስ በክብር ይቀበር፤ የፖሊኒከስ ሬሳ ግን ለአሞራና ለውሻ ይጣል፤ የሚቀብረው፣ የሚያለቅስለትም ቢኖር በሕዝብ ፊት በድንጋይ ተወግሮ ይሙት። እኅቱ አንቲጎኔ በሌሊት ወጣችና አፈር አለበሰችው። ጠባቂዎቹ አፈሩን ጠርገው ቢያስወግዱት፣ በጠራራ ፀሐይ ተመልሳ ስታለብሰው ተያዘች።

«አፈር ማልበስ» ስል የቃል ጌጥ ፍለጋ አይደለም። በተውኔቱ ውስጥ ልጅቱ ጉድጓድ አልቈፈረችም፤ በእጅዋ ደረቅ ትቢያ በተነች፣ ሦስት ጊዜም የመሥዋዕት መጠጥ አፈሰሰች እንጂ። አማርኛችን ለዚህ ነገር ከብዙ ቋንቋ የተሻለ ቃል ስላለው ብቻ ነው የተጠቀምሁበት። ቀባሪ አያሳጣኝ ብሎ የሚጸልይ ሕዝብ፣ ይህች ልጅ ለምን እንደ ሞተች ማብራሪያ አይሻም።

አንድ ጊዜ ይህን ታሪክ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ላልደረሱት አክስቴ አጫወትኋቸው። ስለ ንጉሡ፣ ስለ ዐዋጁ፣ ስለ አማልክቱ የነገርኋቸውን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝና በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ለመሆኑ አልቅሳለታለች?» አልቅሳለታለች። ወታደሩ እንደ መሰከረው፣ ሬሳው ተራቁቶ ባየች ጊዜ ጫጩቶቿ እንደ ተወሰዱባት ወፍ ጮኻ አለቀሰች። አክስቴ ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያስ ደኅና» አሉ። እኔ ብዙ ገጽ ያነበብሁበትን ጉዳይ እርሳቸው በአንድ ጥያቄ አገኙት። ዐዋጁ የከለከለው መቃብርን ብቻ አልነበረም፤ ለቅሶንም ነበር። ሬሳ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ሙሾ ማውረድ በግሪክ የሴቶች ሥራና መብት ነበረና፣ ክሬዎን የነካው ከወንዶች ሥልጣን ውጭ ቀርታ የነበረችውን ያችን አንዲት ግዛት ነው። በአቴናም ቢሆን ሶሎን በ6ኛው መቶ ዓመት መባቻ ባወጣቸው ሕጎች ሴቶች በለቅሶ ፊታቸውን እንዳይቧጥጡ፣ የቅርብ ዘመድ ያልሆነችና ዕድሜዋ ከ60 በታች የሆነች ሴትም ሬሳ እንዳትከተል ተከልክሎ ነበር። መንግሥት የሴቶችን ለቅሶ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቅሶ ባለበት ሟች ማን እንደ ነበር፣ ማን እንደ ገደለው ይነገራል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ስል የምታስቡትን ዐውቃለሁ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ዳር ጽሑፍ ተለጥፎበት ይጣል በነበረበት ጊዜ፣ እናቶች እንዳያለቅሱ፣ ከል እንዳይለብሱ ተከልክለዋል። ሬሳውንም ለመረከብ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ነበሩ። በብዙ ቤት ለቅሶው በትራስ ታፍኖ ቀረ። የክሬዎን ዐዋጅ ለእኛ የሩቅ አገር ተረት አይደለም፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ወደ ክርክሩ እንለፍ። ክሬዎን አንቲጎኔን የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ የዳኛ ጥያቄ ነው፦ ድርጊቱን ፈጽመሻል? አዎን። ዐዋጁን ታውቂ ነበር? እንዴት አላውቅም፣ በአደባባይ የተነገረ ነውና አለች። ማንኛውም ጠበቃ ሊያነሣላት የሚችለውን መከላከያ በሁለት ቃል ጣለችው፤ አላደረግሁም አላለች፣ አላወቅሁምም አላለች። የተከራከረችው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ እናንተ የሥልጣን መቃወሚያ ትሉት ይሆናል። ይህን ያወጀው ዜውስ አይደለም፣ በሙታን ዘንድ ያለችውም ፍትሕ አይደለችም፤ የአንተ የሟቹ ሰው ዐዋጅ፣ ከመቼ ወዲህ እንደ ነበሩ የማይታወቁትንና ያልተጻፉትን የአማልክት ሕጎች ሊሽር የሚችል ኀይል የለውም አለችው። በግሪክኛው ሁለት ቃላት ተፋጥጠው ይገኛሉ፤ «ኬሪግማ» ማለት ዐዋጅ ነው፣ «ኖሞስ» ማለት ሕግ ነው። ክሬዎን የራሱን ትእዛዝ ደጋግሞ ሕግ ይለዋል፤ እርስዋ ግን ዐዋጅ ከማለት አታልፍም። የተውኔቱ ጠብ በዚህች የቃል አጠቃቀም ውስጥ አለ።

ለክሬዎን ፍትሕ ማድረግም ይገባል። የአቴና ሕግ ራሱ ከሐዲ በአቲካ ምድር እንዳይቀበር ይከለክል ነበር፤ የፋርስን መርከቦች የሰበረው ቴሚስቶክልስ እንኳ በክህደት ተፈርዶበት በስደት ሲሞት፣ ዐፅሙ በስውር መጥቶ ነው የተቀበረ ይባላል። ስለዚህ ተመልካቹ ዐዋጁን ሲሰማ ወዲያው አልተቈጣ ይሆናል። ከድንበር ውጭ እንኳ ሳይቀበር ለውሻ ይጣል ማለቱ ነው ከልክ ያለፈው። ክሬዎን ሲነግሥ ያደረገው ንግግር፣ ወዳጅን ከአገር አታስበልጡ የሚለው፣ በጣም ያማረ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በ343 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ዴሞስቴንስ ተቀናቃኙን ኤስኪንስን በከሰሰ ጊዜ ይህንኑ ንግግር በችሎት አስነብቧል። ኤስኪንስ አስቀድሞ ተዋናይ ነበርና፣ ክሬዎንን ሆነህ ስንት ጊዜ የተናገርኸውን ቃል በመልእክተኛነትህ ረሳኸው ብሎ ወቀሰው። የአምባገነን ንግግር ለመልካም አስተዳደር ጥቅስ ሆኖ በፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚገርም ነው፤ ዛሬም የሚያጋጥም ይመስለኛል።

ክሬዎንን ያበላሸው ሐሳቡ ብቻ ሳይሆን፣ በመካከል የገባበት ሌላ ፍርሃት ነው። ሬሳው መቀበሩን እንደ ሰማ ይህን ያደረገ ወንድ ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሴት ልትሆን ትችላለች ብሎ አላሰበም። ሴት መሆኗን ካወቀ በኋላ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ይህች ብታሸንፍ ወንዱ እርስዋ ናት፣ እኔ አይደለሁም አለ፤ በኔ ዕድሜ ሴት አትገዛም አለ፤ መሸነፍ ካለብኝ በወንድ እጅ ይሻለኛል አለ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የኛው አባባል እዚያም አገር ነበር ማለት ነው። እኅቷ ኢስሜኔም በመጀመሪያው ትእይንት ሴቶች መሆናችንን አትርሺ፣ ከወንድ ጋር ልንዋጋ አልተፈጠርንም ብላ ልትመልሳት ሞክራ ነበር። ብዙ አንባቢ ኢስሜኔን እንደ ፈሪ ያልፋታል። እኔ ግን ዕድሜዬ ሲገፋ እየራራሁላት መጥቻለሁ፤ የአብዛኞቻችንን ምርጫ የመረጠች ናትና። በኋላም ከእኅቷ ጋር ልሙት ብላ በቀረበች ጊዜ አንቲጎኔ የመለሰችላት ቃል ጭካኔ አለበት።

ክሬዎን ለአንቲጎኔ ንጉሥዋ ብቻ አልነበረም። አጎቷ ነው፤ አባቷና ወንድሞቿ ስለ ሞቱ በቤቱ የሚያኖራት የቤቱ አለቃ ነው፤ ለልጁ ለሃይሞን ስለ ታጨች አማቷም ሊሆን ነው። ይግባኝ የምትልበት ሰው ሁሉ እርሱ ራሱ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር፣ ልጅቱ ያልተጻፈውን ሕግ ከመጥራት በቀር ሌላ ችሎት አልነበራትም። ለእርስዋ በአደባባይ የተከራከረላት እጮኛዋ ሃይሞን ነው። እርሱም ስለ ፍቅር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ሕዝቡ በየቤቱ በስውር እያዘነላት መሆኑን፣ የአንድ ሰው የሆነች ከተማ ደግሞ ከተማ እንደማትባል ለአባቱ ነገረው። አባትየው የሴት ባሪያ ብሎ ሰደበው።

የሕግ ሰዎች እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ቅጣቱ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ነው። በዐዋጁ የተነገረው በድንጋይ መወገር ነበር። ፍርዱ ሲሰጥ ግን ጥቂት ምግብ ተደርጎላት ከነሕይወቷ በዋሻ ትዘጋ ተባለ፤ ምግቡም ከተማይቱ በደሟ እንዳትረክስ የተደረገ ዘዴ ነው። ኢስሜኔም ምንም ሳታደርግ ሞት ተፈርዶባት፣ መዘምራኑ ሁለቱንም ልትገድል ነውን ብለው ቢጠይቁት ወዲያው ተሻረላት። ዐዋጅ አውጪውና ፈራጁ አንድ ሲሆን ሕጉ በአንድ ቀን ውስጥ ምን ያህል እንደሚንሸዋረር ሶፎክልስ እንዲሁ በዝምታ አሳይቷል። በመጨረሻ ነቢዩ ቴይሬስያስ ባስፈራራው ጊዜ ክሬዎን ተጸጸተ። መዘምራኑም ሂድና መጀመሪያ ልጅቱን ፍታ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር አሉት። እርሱ ግን መጀመሪያ ሬሳውን አጥቦ ቀበረ፣ ከዚያ ወደ ዋሻው ሄደ። ሲደርስ በሻሿ ታንቃ ሞታለች። ሃይሞን በአባቱ ላይ ሰይፍ መዞ ሳተው፣ ራሱን ወጋ። እናቱ ዩሪዲኬም ይህን ሰምታ ራሷን ገደለች።

በአንቲጎኔ ንግግር ውስጥ ሊቃውንትን ያስጨነቀ አንድ ቦታ አለ። ወደ ዋሻው ስትወሰድ፣ የሞተው ባሌ ወይም ልጄ ቢሆን ኖሮ ይህን አላደርግም ነበር፤ ባል በባል፣ ልጅም በልጅ ይተካል፣ እናትና አባት ከሞቱ ወዲያ ግን ወንድም አይተካም የሚል ሐሳብ ታቀርባለች። የጀርመኑ ባለ ቅኔ ጎተ በ1827 ይህ ቃል የሶፎክልስ አለመሆኑን አንድ ሊቅ ቢያረጋግጥለት እንደሚወድ ተናግሯል። ሄሮዶቱስ ከጻፈው ከአንዲት የፋርስ ሴት ታሪክ ጋርም በጣም ይመሳሰላል። ነገር ግን አሪስቶትል ያውቀውና ይጠቅሰው ስለ ነበር እንደ ኋላ ዘመን ጭማሪ መቍጠር ያስቸግራል። ጎተ ያዘነው ታላቁ ያልተጻፈ ሕግ ወደ ዘመድ ስሌት ስለ ወረደበት ነው። እኔ ግን ይህን ቦታ እወደዋለሁ። በክሬዎን ፊት በሙሉ ልብ የተናገረች ልጅ፣ ሞት ሲቀርባት፣ ሠርግና ልጅ ሳታይ መሄዷን ስታስብ፣ ያደረገችውን ነገር ለራሷ ለማስረዳት ስትታገል ይሰማኛል። ሐውልት አልነበረችም።

አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንቲጎኔን በሁለት ቦታ ለሕግ ጉዳይ ጠቅሷታል። መጀመሪያ በተፈጥሮ ለሰው ሁሉ የሆነ ሕግ መኖሩን ሲያስረዳ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ያስቃል፤ የተጻፈው ሕግ ተከራካሪን የሚጐዳው ከሆነ የአንቲጎኔን ክርክር ይጥራ፣ የሚጠቅመው ከሆነ ደግሞ ከሕጉ የበለጠ ብልኅ ልሁን ማለት አይገባም ይበል ብሎ ይመክራል። የሞተችበት ቃል በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ የጠበቃ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህን የምናገረው በወቀሳ አይደለም፤ መሣሪያው ለማን እንደ ዋለ ማየት ያሻል።

ከአንቲጎኔ ወደ ሜዲያ ስንሄድ ከያልተጻፈ ሕግ ወደ ውል እንሻገራለን። ዩሪፒደስ «ሜዲያን» ያቀረበው በ431 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የፔሎፖኔሶስ ጦርነት በጀመረበት ዓመት ነው። በውድድሩም ከሦስቱ ሦስተኛ ወጣ። ሜዲያ ከጥቁር ባሕር ማዶ የመጣች ባዕድ ናት። ጃሰንን ወርቃማውን ጸጕር እንዲያገኝ አድርጋ፣ አባቷን ከድታ፣ ወንድሟን ገድላ ተከትላዋለች፤ እርሱም ቀኝ እጁን ሰጥቶ ምሎላታል። በቆሮንቶስ ግን የንጉሡን ልጅ አገባ። ሜዲያ ለቆሮንቶስ ሴቶች ያደረገችው ንግግር በዚያ ዘመን ከተጻፉት ሁሉ የተለየ ነው፤ ጥሎሽ ከፍለን በላያችን ጌታ እንገዛለን፣ ክፉ ቢሆን መፍታት ለሴት ነውር ነው፣ ወንዶች እኛ እንዋጋለን እናንተ በሰላም ትቀመጣላችሁ ይላሉ፣ ምጥን ግን አያውቁም የሚል ነው። ጃሰን የሰጠው መልስ ደግሞ የሕግ ሰውን ያሳፍራል። ለአንቺ የዋልሁልሽ ውለታ፣ ከአረመኔ አገር አውጥቼ ሕግና ፍትሕ ወዳለበት ወደ ግሪክ ማምጣቴ ነው አላት። መሐላውን ያፈረሰ ሰው፣ መሐላ የፈረሰባትን ሴት የሕግ በላይነት አስተማርሁሽ ይላታል።

በአቴና ይህ ነገር የሚያሳክክበት ምክንያት ነበረው። ከ20 ዓመት በፊት በፔሪክልስ ሐሳብ አቅራቢነት በወጣው ሕግ መሠረት፣ ዜጋ የሚባለው አባቱም እናቱም አቴናውያን የሆኑ ብቻ ነበር። የባዕድ ሴት ልጆች ዜጎች አይሆኑም። ጃሰን ለልጆቼ ብዬ ነው ያገባሁት ሲል ተመልካቹ መካከል ክርክሩ የገባው ብዙ ወንድ ነበር።

ሜዲያ ካንዱ ውል ተምራለች። የአቴናው ንጉሥ ኤጌዎስ በመንገዱ ሲያልፍ መጠጊያ እሰጥሻለሁ ቢላት ቃሉን አልተቀበለችውም፤ በምድርና በፀሐይ፣ በአማልክትም ሁሉ እንዲምል፣ ምን እንደማያደርግ በዝርዝር እንዲናገር፣ ቢያፈርስ ምን እንደሚደርስበት እንዲጨምር አደረገችው። የመሐላውን ቃል የምታስጽፈው እርስዋ ናት። በአንድ ሜዲምኖስ ገብስ ላይ ብቻ መዋዋል በምትችል ሴት ዘንድ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራይቱንና አባቷን በመርዝ ልብስ ፈጀች፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿንም በገዛ እጅዋ ገደለች፣ በአያቷ በፀሐይ ሠረገላ ላይ ሆና አመለጠች። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ትክክል ናት ወይስ አይደለችም ብለው ይጠይቁኛል። አይደለችም። ሕፃናቱ ከውስጥ ሲጮኹ ይሰማልና ማንም ትክክል ናት ለማለት አይችልም። ዩሪፒደስ ግን ከመግደሏ በፊት የተናገረችው ሁሉ እውነት እንደ ሆነ ትቶልን ሄዷል፤ ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ነው የሚያስቸግረው።

ስለ ሣቅ ተውኔቱ ባጭሩ ልንገራችሁ። አሪስቶፋነስ በ411 «ሊሲስትራታን» ባቀረበ ጊዜ፣ አቴና ከሁለት ዓመት በፊት በሲሲሊ መርከቦቿንና ሠራዊቷን አጥታ ነበር። ሴቶቹ ሰላም እስኪወርድ ድረስ ከባሎቻቸው አልጋ ይለያሉ፤ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን አሮጊቶቹ አክሮፖሊስ ላይ ያለውን የጦርነቱን ግምጃ ቤት መያዛቸው ነው። ሹሙ ለመቅዘፊያ ገንዘብ ሊያወጣ ቢመጣ በሩ ተዘጋበት። ገንዘብ ማስተዳደር ምን ታውቃላችሁ ቢል፣ የቤትህን ወጪ የምናስተዳድረው እኛ አይደለንምን አሉት፤ አከራክሮም ስላሰለቻቸው ሻሽ አስረው የሱፍ ቅርጫት አስታቀፉት። ሰዉ ሣቀ፤ ጦርነቱ ግን ቀጠለ፣ በ404 አቴና እጅዋን እስክትሰጥ ድረስ።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ዩሪፒደስ በ412 «አንድሮሜዳ» የሚባል ተውኔት አቅርቦ ነበር፤ ቍርጥራጩ እንጂ ሙሉው አልደረሰንም። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር መሆኑን ታውቃላችሁ። ለባሕር አውሬ በዐለት ላይ ታስራ ፔርሴዎስ አዳናት። ከጥንት ጸሐፊዎች በደረሰን ወሬ መሠረት፣ ወላጆቿ ሊያስቀሩዋት ቢለምኑዋት እምቢ ብላ በፈቃዷ ተከትላው ሄደች። ተውኔቱ ቢገኝ ኖሮ የእምቢተኞቹ ሴቶች መዝገብ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ትጨመር ነበር።

የአንቲጎኔ ታሪክ ከጥንት በኋላ ብዙ መድረክ አይቷል። ዣን አኑዊ በ1944 በጀርመን ጦር በተያዘችው ፓሪስ አሳየው። ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ግን በደቡብ አፍሪካ የሆነው ነው። በሮበን ደሴት እስር ቤት የፖለቲካ እስረኞች ተውኔቱን ሠርተውታል፤ ኔልሰን ማንዴላም ክሬዎንን ሆነው እንደ ተጫወቱ በ1994 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ሕግ ተላልፈሃል ተብሎ የታሰረ የሕግ ባለሙያ፣ ዐዋጅ አውጪውን ንጉሥ ሆኖ መቆሙን እስቲ አስቡት።

ከዚያው ደሴት ወሬ በመነሣት አቶል ፉጋርድ፣ ጆን ካኒና ዊንስተን ንትሾና በ1973 «ደሴቱ» የሚባል ተውኔት በኬፕ ታውን አሳዩ። በውስጡ ያሉት ሁለት እስረኞች ለእስር ቤቱ ዝግጅት የአንቲጎኔን ችሎት ይለማመዳሉ። አንደኛው፣ ዊንስተን የሚባለው፣ የሴት ክፍል ሊሰጠው ሲል እምቢ አለ። ሰው ሠራሽ ጸጕርና ጡት አድርጌ ብወጣ እስረኛው ሁሉ ይሥቅብኛል ብሎ ተቈጣ። ጓደኛው ለማመኑት፤ እርሱም በመጨረሻ ተስማማ። በዝግጅቱ ምሽት ያን ጸጕር ደፍቶ በክሬዎን ፊት ቆመ፤ ወንድሜን ቀብሬአለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ጸጕሩን ከራሱ ላይ ነቅሎ ጣለ፣ በራሱም ፊት ለተመልካቹ ተናገረ። ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ታስረው እንደ ገና ወደ ሥራቸው ሲሮጡ መብራቱ ይጠፋል።